ያቺን ሳጥን አትለፊያት

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና ወንድምሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ፆሙ ገብቷል፣ ብርዱም በርትቷል። ቅዳሜ በስልክ የተነጋገርነው ከውስጤ አልወጣ ብሎ ነው ብዕር ያነሳሁት። ስልክ ላይ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔን ደግሞ ሆድ ይብሰኛል፤ ነገሩ ሳይቋጭ ይቀራል። ከሌሊት ፈረቃ ገና መግባቴ ነው። ወንድምሽን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝቼ ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ስለ ኢራስመስ፣ አንድ ሴሚስተር ሌላ የአውሮፓ አገር ሄዶ ለመማር ስለሚሰጠው ድጎማ ስናወራ፣ «ፎርሙን ሞልቼ ጨርሻለሁ፣ ያቺን ሳጥን ግን ባዶ ትቻታለሁ» አልሽኝ። ለምን ብልሽ ዝም ብለሽ ቆየሽና፣ «ወላጆቼ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም ብዬ ልፈርም ነው? እማ፣ አንቺን በወር 250 ዩሮ አልሸጥሽም» አልሽ። ከፍቅር እንደተናገርሽው አውቃለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም እንደዚያ እንድታስቢ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እናውራ።

ትተሽልኝ የሄድሽውን ወረቀት በሥራ እረፍት ላይ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። አገሮቹን እንደ ኑሮ ውድነታቸው በምድብ ከፋፍለዋቸዋል። ከጀርመን ተነስቶ አየርላንድ ወይም ዴንማርክ ለሚሄድ ተማሪ በወር 600 ዩሮ፣ ስፔን ለሚሄድ 540። ልዩነቱ 60 ዩሮ ብቻ ነው። አንቺ የእንግሊዝኛና የስፓኒሽ መምህር ልትሆኚ ነው የምትማሪው፤ ልብሽ የነበረው ደብሊን ነበር። ደብሊን ያሳየሽኝ ክፍል 950 ዩሮ፣ ግራናዳ ያገኘሽው 350 ዩሮ። የኪራዩ ልዩነት 600 ሆኖ ሳለ የድጎማው ልዩነት 60 ነው። «ግራናዳን መረጥኩ» ስትዪኝ ዝም አልኩ እንጂ፣ ግራናዳን የመረጠው ኪሳችን እንደሆነ ገብቶኛል። አብራሽ የምትማረው ልጅ ደብሊን ገባች። እሷ ምንም አልበደለችም፤ ቤተሰቧ ይሞላላታል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ግን እኩል የሚመስል ሠንጠረዥ አያሳየውም። ሂሳቡ በአገር እንጂ በከተማ ስላልሆነ፣ ባርሴሎና የሚሄደውም ግራናዳ የምትሄጂውም አንቺ ያው 540 ነው የምታገኙት። የየአገሩ መሥሪያ ቤት ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በሰጠው ወሰን ውስጥ የራሱን ተመን ስለሚያወጣ፣ ከጣሊያን የመጣው ልጅ አጠገብሽ ተቀምጦ ሌላ መጠን ሊቀበል ይችላል።

ይኼም ሆኖ እኔን ያሳሰበኝ መጠኑ ሳይሆን ጊዜው ነው። ያቺን ሳጥን ካልተውሻት 540 እና 250 ተደምሮ በወር 790 ይሆናል፤ በአምስት ወር 3,950 ዩሮ። ዩኒቨርሲቲሽ 80 በመቶውን ቀድሞ ይከፍላል፣ 3,160 ማለት ነው። የቀረው 790 ተመልሰሽ ሪፖርትሽን ካስገባሽ በኋላ ይመጣል። የመጨረሻውን ወር በራስሽ ገንዘብ ኖረሽ ነው እንግዲህ የምትከፈዪው። የመጀመሪያው ክፍያም ቢሆን ሁለታችሁም ከፈረማችሁ በኋላ እስከ 30 ቀን ሊወስድ፣ አለበለዚያም መድረስሽን ካረጋገጡ በኋላ ሊገባ ይችላል ይላል ወረቀቱ። የግራናዳው ቤት አከራይ ግን ማስያዣና የመጀመሪያ ወር ኪራይ ዛሬ ትፈልጋለች። የአውሮፕላኑም ቲኬት ዛሬ ነው የሚገዛው። ሱፐርማርኬት ሠርተሽ የምታገኚው 520 ዩሮም ከጥር በኋላ ይቆማል። ገንዘቡ አለ፣ ችግሩ የሚመጣው ወጪው ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። በመሃል ያለችውን ወር የሚያሻግር ሰው የሌለው ልጅ እዚያው ይቀራል።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ «ማትሪክ አልተሳካልኝም» እያልኩሽ ነው ያደግሽው። እውነቱ እንደሱ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. ደሴ ማትሪክ ወስጄ አልፌ ነበር። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ተመደብኩ፤ ስሜ ከተለጠፈው ዝርዝር ላይ ሲነበብ እናቴ እልል ብላለች። ትምህርቱ ነፃ ነበር። ምግቡም መኝታውም የመንግሥት ነበር። የአውቶቡሱ ግን የራስ ነበር። ብርድ ልብስና አንሶላ ይዛችሁ ኑ ተብሎ ነበር፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም የደብተርና የሳሙና ያስፈልግ ነበር። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እናቴ እንጀራ ሸጣ አራት ልጅ ታሳድጋለች። ተበደርን፣ አልሞላም። ሲሞላልን የመመዝገቢያው ቀን አልፎ ነበር። ሄጄ ስጠይቅ መዝገቡን የያዘው ሰውዬ ስሜ ላይ የተሰመረውን መስመር አሳየኝና «ሪፖርት ያላደረገች» ብሎ አነበበልኝ። ገንዘብ አጣች የሚል አልነበረም። ሪፖርት ያላደረገች ነው የሚለው። እኔም አፍሬ ለሰው ወደቅሁ ማለት ቀለለኝ፤ ለአንቺም ያንኑ ነገርኩሽ። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ይህን ያውቅ ነበር፤ እሱም ከስምንተኛ ክፍል ነው ወደ ሥራ የገባው።

ስለዚህ ያቺ ሳጥን እኔን አታዋርደኝም። የደረሰብኝን በትክክል የሚጠይቀኝ ወረቀት ሳይ በሕይወቴ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ወላጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ያልጨረሱ ልጆች ውጭ አገር ሄደው የሚማሩት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር እንደሆነ ስለታወቀ ነው በወር 250 ዩሮ የተጨመረው። ልጅ ላላቸው ተማሪዎች፣ አካል ጉዳት ወይም የቆየ ሕመም ላለባቸው፣ እየሠሩ ለሚማሩም አለ። ምጽዋት ቢሆን ኖሮ እኔም ተይው እልሽ ነበር። «ከእኔ የባሰ አለ» ብለሻል፤ አንቺ ብትተዪው ለዚያ ለባሰው የሚደርስ አይምሰልሽ፣ ከአንቺ ቀርቶ ነው የሚቀረው።

እቁባችንን ታውቂዋለሽ። አሥር ሴቶች ነን፣ በወር 150 ዩሮ እንጥላለን፣ በዕጣ 1,500 እንወስዳለን። ሁሉም እኩል ይጥላል፣ እኩል ይወስዳል። ባለፈው ዓመት አንዷ እናቷ አገር ቤት አርፈውባት ስትጨነቅ፣ ዕጣ የወጣላት ሴት ለቀቀችላት። ማንም እኩልነታችን ፈረሰ አላለም። የተለቀቀላትም አንገቷን አልደፋችም፤ አመስግና ወሰደች፣ ለቅሶዋን ደረሰች፣ በወሩ ደግሞ 150ዋን ይዛ መጣች። እኔ ያንን 250 ዩሮ የማየው እንደዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አነበብኩ፤ አንቺ ታውቂው ይሆናል። ይህን ነገር ያስጀመሩት ሶፊያ ኮራዲ የሚባሉ ጣሊያናዊት ናቸው። በ1957 በፈረንጆች ከሮም በፉልብራይት ስኮላርሽፕ ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። የሕግ ማስተርሳቸውን ይዘው ሮም ሲመለሱ፣ ያ ትምህርት እዚህ አይቆጠርም ተብለው በሰው ፊት ተዋረዱ። ውርደቱን ይዘው ቤታቸው አልገቡም። ዓመታት ሙሉ በየቢሮው ሲሟገቱ ኖረው በ1987 ኢራስመስ ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ሄዱ። ዛሬ በዚያ መንገድ ያለፈው ሰው ከ15 ሚሊዮን በላይ ነው። «ማማ ኢራስመስ» ነበር የሚሏቸው፤ ባለፈው ጥቅምት በ91 ዓመታቸው አረፉ። ከመሄድሽ በፊት የምትማሪያቸውን ኮርሶች ዘርዝራችሁ አንቺና ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የምትፈርሙበት ስምምነት ያለው በእሳቸው ድካም ነው። እሱ ሳይፈረም አንድ እርምጃ አትሂጂ። ኮርስ ከቀየርሽም እዚያው ሆነሽ አስፈርሚ፤ «በኋላ ይስተካከላል» የሚልሽን አትመኚ።

እሳቸው የሄደው ሰው ትምህርቱ እንዲቆጠርለት ታግለው አሸነፉ። ሳይሄድ የቀረው ግን ስሙ የትኛውም ፎርም ላይ የለም። አሁን ያለው በጀት ከ2021 እስከ 2027 ወደ 26 ቢሊዮን ዩሮ ነው፣ ከበፊተኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለሚቀጥሉት ሰባት ዓመታት የአውሮፓ ኮሚሽን ከ40 ቢሊዮን በላይ ጠይቋል፤ መንግሥታቱና ፓርላማው ገና አልተስማሙበትም። ቢጨመር ደስ ይለኛል። እኔን የሚጠይቀኝ ቢኖር ግን፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ልጁ ቲኬት ሳይቆርጥ አድርሱለት፣ የመጨረሻውንም አታዘግዩበት፣ ኪራዩን በከተማ አስሉለት እል ነበር። አንቺ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ ትናገሪያለሽ አይደል? ይኼን በይልኝ።

የአክስትሽን ልጅ ደግሞ እንዳትረሺው። እሱም እንደ አንቺ ተመርጦ ነበር። ነገር ግን ፓስፖርቱ የጀርመን አይደለም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ነው ያለው። በዚያ ፈቃድ ሌላ የሸንገን አገር የሚቆየው ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው፤ ሴሚስተሩ አምስት ወር። ቪዛ ሊጠይቅ ቀጠሮ ሲጠብቅ ትምህርቱ ተጀመረ። አንቺ ያንን መጋፈጥ የለብሽም፤ ቀይዋ ፓስፖርት በእጅሽ ናት። ከግራናዳ ደውዪለት። ደስ የሚለውን ብቻ ሳይሆን እንዴት አድርገሽ እንደሞላሽውም ንገሪው፤ በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ይጀምር።

አሁን ይቅርታ የምጠይቅሽ። ባፎግ፣ የጀርመን መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠውን ድጋፍ፣ ልታመለክቺ ስትይ «ዕዳ ነው፣ ዕዳ ቤታችን አይገባም» ብዬ የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ሱፐርማርኬት ስትሮጪ የኖርሽው በዚያ ንግግሬ ነው። አሁን ሰው ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ ግማሹ ስጦታ ነው፣ ግማሹ ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ ምንም ያህል ብትወስጂ ከ10,010 ዩሮ በላይ አትመልሺም። ለውጭ አገር የሚሰጠው ደግሞ ለብቻው ነው፣ ለየአገሩ የራሱ ቢሮ አለው። ከኢራስመሱ ገንዘብ በወር እስከ 300 ዩሮ አይቆጥሩብሽም፤ አውሮፓ ውስጥ ለመሄጃ 250፣ ለመመለሻ 250 ይጨምራሉ። ስድስት ወር ቀድማችሁ አመልክቱ ይላሉ፤ ያ አልፎናል። የሚከፍሉት ካመለከትሽበት ወር ጀምሮ እንጂ ወደ ኋላ ስላልሆነ ግን ዛሬ ነገ አትበዪ። የእኔን የደመወዝ ወረቀት ሐሙስ በፖስታ ልኬልሻለሁ፣ ሌላ የሚጎድል ካለ ንገሪኝ።

ቀርቼ ላግዝሽ ያልሽውንም ሰምቻለሁ፤ የወንድምሽ የሒሳብ ትምህርት፣ ከቢሮ የሚመጣው ደብዳቤ፣ የእኔ ወገብ። የወንድምሽን ሒሳብ የጎረቤታችን ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ታሳየዋለች፣ ተስማምተናል። ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፣ አምስት ወር በስልክ ታነቢልኛለሽ። ወገቤ አንቺ ስላለሽ አይድንም፣ ስለሄድሽም አይብስም።

የእቁቡ ዕጣ በዚህ ወር ለእኔ ወጥቷል። 1,500ውን ትናንት ባንክሽ አስገብቻለሁ። ማስያዣውንና የመጀመሪያውን ወር ክፈዪበት፣ ቲኬቱንም ቁረጪ። የኢራስመሱ ገንዘብ ሲገባ ልትመልሺልኝ እንዳትሞክሪ፤ ለመጨረሻው ወር አስቀምጪው፣ ያኔ ነው የሚጎድልሽ።

ግራናዳ ተራራ ሥር ናት፣ በየካቲት ይበርዳል፣ ቤቶቹም ማሞቂያቸው ደካማ ነው ብለውኛል። ሱቅ ገብቼ ብርድ ልብስ አየሁና ተውኩት፤ የእናቴን ጋቢ አጥቤ አጥፌ አስቀምጬልሻለሁ። ለገና ስትመጪ ትወስጂዋለሽ። ሻንጣሽ ውስጥ ከሥር አድርጊው፣ ቦታ አይፈጅም።

ፎርሙን ሞልተሽ ስትጨርሺ ፎቶውን ላኪልኝ። ሳጥኗ ላይ ምልክቱን ማየት እፈልጋለሁ።

እናትሽ