ተረባችንን ተዉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰሞኑን በአስተያየት ገጻችሁ ላይ የወጣውን፣ የቴሌግራም ግሩፖችን የሚወቅሰውን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ስልኩ ላይ ተጥዶ ሲሳሳቅና ሲተራረብ መዋሉ ጸሐፊውን ከንክኗቸዋል። ግሩፕ ከተከፈተ ለቁም ነገር ይሁን ባይ ናቸው። ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለዕድር መዋጮ፣ ለመረጃ። ቀልዱ ጊዜ ከመብላት ሌላ ፋይዳ የለውም ይላሉ።

እኔ አልስማማም። ቀልዱ ሲወጣ ቁም ነገሩም ተከትሎት ይወጣል። ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ስልኬ ላይ ሁለት ግሩፖች አሉ። አንዱ ሲስቅ ይውላል፣ ሌላው ስቆ አያውቅም።

የሚስቀው የድሮ ሰፈሬ ግሩፕ ነው። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ግሩፑ የተከፈተው በኮሮና ጊዜ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰው እንደ ልቡ መሰብሰብ ቀረ። ዕድር ሳይሰበሰብ ምኑን ዕድር ይሆናል? የዕድራችን ጸሐፊ የነበሩት ጋሼ በልጃቸው እርዳታ ግሩፑን ከፈቱ። የመጀመሪያው መልእክት የልቅሶ ማስታወቂያ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ግን ስለ ጋሼ ፎቶ ነው። ፕሮፋይላቸው ላይ የደርግ ጊዜ ጉርድ ፎቷቸውን ለጥፈዋል። ጎፈሬው ፎቶው ውስጥ አልበቃ ብሎ ጫፉ ተቆርጧል። ዛሬ ጋሼ ጥርት ያሉ መላጣ ናቸው። አንዱ የሰፈር ልጅ ወዲያው «ጋሼ፣ ይህን ልጅ የት ጣሉት? ጎፈሬውንስ ማን ወረሰው?» ብሎ ጻፈ። እኛ ተሸማቀቅን። ትንሽ ቆይተው መለሱ፦ «ለአባትህ አበድሬው ሳይመልስልኝ ቀረ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሼ አድሚን» ናቸው። ግሩፑም ግሩፕ የሆነው ያን ቀን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ መጣና ሰፈሩ ፈረሰ። ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እኔ ቦሌ አራብሳ ነኝ። ቀድመው የወጡት ደግሞ ሪያድ፣ ቴል አቪቭ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው። ድሮ በአንድ ቧንቧ ወረፋ የሚጣላ ሰው ዛሬ ሰዓቱ እንኳ አንድ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ እኛ ከሥራ ስንወጣ ብቅ ብሎ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። «አንተ ፊትህን ሳትታጠብ እኛ ቀኑን ጨርሰን መለስነው» ይሉታል። እሱም አይተኛም። «በዘመን አቆጣጠር ሰባት ዓመት እቀድማችኋለሁ፣ በሰዓት ብትቀድሙኝ ምን ትሆናላችሁ» ይላል።

ኳሱን ካላነሳሁ የግሩፑ ሰዎች ይጣሉኛል። አርሰናል በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ2015ም በ2016ም ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። የአርሴው ደጋፊያችን ያኔ «ክቡር ምክትል» ተባለ። በ2017 ለሦስተኛ ጊዜ ሁለተኛ ሲወጣ ሹመቱ ጸና። በዚያው ዓመት ማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። በአውሮፓ ሊግ ፍጻሜም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። የማንቼው ልጅ ለጥቂት ቀን ኦንላይን አልታየም። ጋሼ አድሚን «ጠፍቶብናል፣ ከ15ኛ ፎቅ እየወረደ ይሆናል፣ ሊፍት የለውም» ብለው ማስታወቂያ አወጡ።

በነገራችን ላይ «ክቡር ምክትል» የተበቀለን በሩጫ ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ታምራት ተጠባባቂ ነበር፤ የገባው በተጎዳው በሲሳይ ለማ ምትክ ነው። እኛ እልል ስንል ምክትላችን አንድ መስመር ጻፈ፦ «አያችሁ? ምክትል አትናቁ።» መልስ አልነበረንም። ሪያድ ያለችው እህታችን ሥራ ላይ ሆና በድምፅ እልልታ ላከች። አሠሪዋ ምን እንዳለቻት አልነገረችንም።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ ነው እንግዲህ ጊዜ ማባከን የሚሉት። ይሁን። ግን የቀልዱን ጀርባ ይዩልኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የሪያዷ እህታችን «ከዛሬ ጀምሮ እትዬ በሉኝ» ብላ ፎከረች። ሽሮ ሜዳ ያለችው ጓደኛዋ «እትዬ፣ ዜናውን እኮ ዘይቱ ከእኛ ቀድሞ ሰምቶታል» አለቻት። ተሳሳቅን። ከዚያች መስመር ሥር ግን ሰው ዋጋ መጻፍ ጀመረ። እዚህ ሱቅ ባለ አምስት ሊትሩ ይህን ያህል ገባ፣ እዚያ ሸማቾች ዛሬ ዘይት አለ፣ ወረፋው እስከ በሩ ነው፣ ለኔም ያዙልኝ። ማንም ስብሰባ አልጠራም። ሰው የከበደውን ነገር በቀልድ ለመናገር አያፍርም። «ዘይት መግዛት አቃተኝ» ብሎ የሚጽፍ የለም። «ዘይቱ እኔን ሲያይ ፊቱን አዞረ» ብሎ የሚጽፍ ግን ሞልቷል፤ አንባቢውም ይገባዋል።

በየካቲት 2015 ቴሌግራም ከፌስቡክና ከቲክቶክ ጋር ሲዘጋ ግሩፑ አለቀለት ብለን ነበር። እገዳው እስከ ሐምሌ ቆየ። ጋሼ አድሚን ግን ቪፒኤን ተማሩ፤ ስልኩን ሌላ አገር ያለ አስመስሎ እገዳውን የሚያሻግር መተግበሪያ ነው። በየጠዋቱ «ዛሬ ኔዘርላንድ ነኝ፣ ብርድ ነው»፣ በማግስቱ «ሲንጋፖር አደርኩ» እያሉ ይጽፉ ነበር። ፓስፖርት አውጥተው አያውቁም።

ሁሉም ጨዋታ ጤነኛ ነው አልልም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ግሩፑ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ከመካከላችን እናቱ መቐለ የሚኖሩ ሰው አለ። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር ድምፃቸውን ሳይሰማ ብዙ ወር ቆየ። በዚያ ሰሞን አንዱ ከሌላ ቦታ ያገኘውን ቀልድ ፎርዋርድ አደረገ። ቀልዱ እናቱ መቐለ ያሉትን ሰው ስም አይጠራም። የመጣበትን ወገን ግን በጅምላ የሚሳለቅ ነበር። ጋሼ አድሚን ምንም ሳይጽፉ አጠፉት። ከዚያ ላኪውን ደወሉለት። ቀጥለው እናቱ መቐለ ወዳሉት ሰው ደወሉ። ምን እንዳሏቸው እስካሁን አናውቅም። ማታ ላይ አንድ ማስታወቂያ ከላይ ተሰካ፦ «ተረብ ከቤታችሁ ሠርታችሁ አምጡ። የሰው ቀልድ ማስተላለፍ ክልክል ነው።»

ይህች ሕግ ብዙ ነገር አዳነች። ፎርዋርድ የተደረገ ነገር ባለቤት የለውም። ማን እንዳለው አይታወቅም፣ ለማን እንደተባለ አይታወቅም፣ መልስ የሚሰጥበትም የለም። ጋሼን መላጣ ያላቸው ልጅ ግን አባቱ ይታወቃል። ጋሼ መልሰው ሊያገኙት ይችላሉ፤ አግኝተውታልም። ጸሐፊው ስለ ሐሰተኛ ወሬ ያነሱት ስጋት ትክክል ነው። ለዚያም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ያልሞተ ዘፋኝ ሞተ የሚል፣ ይህን ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ መዓት ይወርድብሃል የሚል፣ ያ ሁሉ የሚመጣው ግን በፎርዋርድ ነው። እሱን ቢያወግዙልኝ ከጎናቸው እቆማለሁ። ተረበኛውን ከወሬኛው ጋር አንድ ላይ ማሰራቸው ነው ያልገባኝ።

አምና የ«ክቡር ምክትል» እናት አረፉ። ድሮ ቢሆን ጡሩምባ ነፊው ሌሊት ሰፈሩን ይዞረው ነበር። አሁን የሚዞርበት ሰፈር የለም። ጋሼ አድሚን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ጻፉ። ስቆ የሚውለው ግሩፕ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር እያለ ወረደ። ረፋዱ ላይ መዋጮው በቴሌብር መግባት ጀምሯል። ከአራብሳ ሚኒባስ ማን እንደሚያመጣ፣ ድንኳኑ የት እንደሚጣል፣ ወንበር ማን እንደሚጭን ተነጋግረን ጨረስን። ሪያድና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ቀብሩን በስልክ ተከታተሉ። ስልኩን ይዞላቸው የቆመው የማንቼው ልጅ ነው። ዓመት ሙሉ ምክትልን ሲያበሽቅ የከረመው እሱ ራሱ፣ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲያዞር፣ ውኃ ሲያስታጥብ ዋለ።

በሰልስቱ ማታ እሱው ጻፈ፦ «እማማ አርሴ መሆንህን ይቅር ብለውህ ነው የሄዱት፣ እኔ ምስክር ነኝ።» ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ምክትል መለሰ፦ «አንተን ግን ማንቼ መሆንህን ብነግራት ኖሮ ቤት አታስገባህም ነበር።» ከዚያ በኋላ ግሩፑ ላይ የእሳቸው ታሪክ ወረደ። በጫማ ያባረሩትም፣ በእንጀራ ፍርፍር ያሳደጉትም ጻፉ። ሌሊት ድረስ ቆየን። ሐዘንተኛ መቼ መሳቅ እንደሚችል የሚያውቅ፣ አብሮት ሲስቅ የኖረ ጓደኛው ብቻ ነው።

አሁን ወደማይስቀው ግሩፕ ልምጣ። የብሎካችን ኮሚቴ ግሩፕ ነው። ጸሐፊው ቢያዩት ይወዱታል። ቁም ነገር ብቻ ነው ያለበት። የጥበቃ ክፍያ ያልከፈላችሁ እስከ ወሩ 5 ክፈሉ። ደረጃ ላይ ቆሻሻ አታስቀምጡ። ነገ ውኃ የለም። ሁሉም ያነባል፣ ማንም አይመልስም። የጥበቃ ክፍያውንም በጊዜው የሚከፍል ጥቂት ነው። ክረምት ላይ አንድ ሌሊት አምቡላንስ መጥቶ ከአራተኛ ፎቅ ሰው ወሰደ። ሲሪኑን ሁላችንም ሰምተናል። በማግስቱ ግሩፑ ላይ አንድም ሰው «ማን ነው? ተሻለው?» አላለም። ደንቡ አይከለክልም እኮ። ግን ሰው ባልተላመደበት ቤት በመጀመሪያ የሚናገረው ነገር ይህ ሊሆን አይችልም፤ አፍ አይፈታም።

በዚህ ወር ውኃ ለብዙ ቀን ጠፋች። ሮቶው ደረቀ። እኔም አላስችለኝ አለና ኮሚቴው ግሩፕ ላይ «ውኃ ከመጣች ንገሩኝ፣ መልኳን ረስቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም ተባለ። እንደተለመደው አንብበው አለፉ ስል፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለች አንዲት ሴት «ፎቶዋ አለኝ፣ ልላክልህ?» ብላ መለሰች። ከእሷ ጋር ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን አናውቅም። ሊቀመንበሩ ወዲያው ገቡ፦ «ግሩፑ ለመረጃ ብቻ መሆኑን እናሳስባለን።» ሌላው ከታች «ክቡር ሊቀመንበር፣ የውኃ አለመኖርም እኮ መረጃ ነው» አለ። ከዚያ አምስት ስድስት ሰው ተከታተለ። አንዱ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዳበት ሰፈር ጠቆመ፣ ሌላው መኪና አለኝ፣ ቅዳሜ ጄሪካን የሚያስጭን ካለ አለ።

ማታ ደረጃ ላይ ያችን ሴት አገኘኋት። «ፎቶው ደረሰህ?» አለችኝ። ከዚያ ቆም ብላ፣ በአራተኛ ፎቅ የታመሙት ሴትዮ ከሆስፒታል መመለሳቸውን ነገረችኝ። ለካ እሷ ትጠይቃቸው ኖሯል። ቅዳሜ ከጄሪካኑ በኋላ አራት ሆነን ሄደን ጠየቅናቸው።

ሊቀመንበሩ እስካሁን አልሳቁም። እየሠራንበት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የቀድሞ የዶሮ ማነቂያ ልጅ
ከቦሌ አራብሳ