መብራት ሲጠፋና እሳት ሲያሰጋ የት እንደውል?

ውድ የዕድራችን አባላት፣

በቤይ ኤሪያ ደረቁ ንፋስ ሲበረታ የመብራት ኩባንያው ፒጂ ኤንድ ኢ መስመሩ እሳት እንዳያስነሳ አስቀድሞ አስጠንቅቆ መብራት ያጠፋል። ያናድዳል፣ ምክንያት ግን አለው። በ2018 ፓራዳይዝ የምትባለውን የካሊፎርኒያ ከተማ አቃጥሎ 85 ሰው የገደለው እሳት የተነሳው ከዚሁ ኩባንያ መስመር ነው።

ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካለ 911 ደውሉ። መጠለያ፣ ምግብ ወይም ሌላ እርዳታ ከፈለጋችሁ 211 ነው። ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል። እንግሊዝኛ ይከብደኛል ብላችሁ አትተዉት። «አምሃሪክ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ቤታችሁ የኦክስጅን ማሽን ወይም ሌላ በመብራት የሚሠራ የሕክምና ዕቃ የሚጠቀም ሰው አለ? «ሜዲካል ቤዝላይን» በሚባለው የኩባንያው ፕሮግራም ላይ አስመዝግቡት። ሐኪም ማረጋገጫ ይሰጣል። የተመዘገበ ሰው ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ሂሳቡም ይቀንስለታል። መብራቱ ግን አይጠፋበትም ማለት አይደለም፤ ስለ መጠባበቂያ ባትሪም አብራችሁ ጠይቁ። ልጆች፣ የእናት የአባቶቻችሁን ቅጽ እናንተው ሙሉላቸው። እነሱ «ግድ የለም» ማለት ይቀናቸዋል።

መብራት ሲጠፋ ኩባንያው ስልክ ቻርጅ የሚደረግባቸው፣ ውሃና ሽንት ቤት ያላቸው ጊዜያዊ ማዕከላት ይከፍታል። ማደሪያ ግን አይደሉም። አድራሻቸው ድረ ገጹ ላይ ይወጣል።

ፍሪጅ ካልተከፈተ ምግብ የሚያቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው። ምጣዳችሁ የኤሌክትሪክ ከሆነ እንጀራውን ቀደም ብላችሁ ጋግሩ።

አላሜዳ ካውንቲ ያላችሁ ኤሲ አለርት በሚባለው የካውንቲው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ላይ ተመዝገቡ። መኪና የሌላችሁ ደግሞ ለኮሚቴው አሁኑኑ አሳውቁ፤ ውጡ ከተባለ ማን ማንን እንደሚይዝ እየመደብን ነው።