ሻምፒዮን ሆኖ አለማደግ

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፣

ስለ ትልልቆቹ ሊጎች በየሳምንቱ ትጽፋላችሁ፣ እኔም አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ዛሬ ግን ስለ ጀርመን እግር ኳስ አራተኛ እርከን ልጻፍላችሁ። ሬጊዮናልሊጋ ይባላል። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ፣ ሻምፒዮን ሆኖ፣ አለማደግ አለ። ይሄ ነገር ከልቤ ያናድደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አራተኛው እርከን በአምስት ክልል ተከፍሏል፤ ሰሜን፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ ምዕራብ እና ባቫሪያ። ከሦስተኛው ሊግ የሚወርዱት ግን አራት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የሚያድጉትም አራት። አሁን ባለው ደንብ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ሻምፒዮኖች ቀጥታ ያድጋሉ። ከቀሩት ሦስት ክልሎች አንዱ በየዓመቱ በተራ ቀጥታ ያሳድጋል፣ የሁለቱ ሻምፒዮኖች ደግሞ በደርሶ መልስ ይለያያሉ። ተራው የማን እንደሆነ የመጀመሪያው ፊሽካ ሳይነፋ ይታወቃል። እስቲ አስቡት፣ ተጫዋቹ ገና ልምምድ ሲጀምር «ዘንድሮ አንደኛ ብትወጣም አልጨረስክም» ተብሎ ነው የሚገባው፤ ጎረቤቱ ክልል ያለው ደግሞ በዚያው ነጥብ ዋንጫውን አንስቶ ይጨፍራል።

ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1903 የመጀመሪያውን የጀርመን ሻምፒዮና ያነሳውን ክለብ ታሪክ የያዘ ቡድን ነው። በ2020 ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ሲቋረጥ የሰሜን ምሥራቅ ሻምፒዮን የተባለው እሱ ነበር። ከፌርል ጋር ለማደግ ተጫወተ። በሜዳው 2 ለ 2፣ መልሱ 1 ለ 1። አልተሸነፈም! ግን ያኔ ከሜዳ ውጭ የገባ ጎል ይበልጥ ስለነበር ያደገው ፌርል ነው። ፌርል ደግሞ በምዕራቡ ሁለተኛ የወጣ ቡድን ነበር፣ አንደኛው ለማደግ ስላላመለከተ።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2025፣ ላይፕዚግ 34 ጨዋታ ተጫውቶ እንደገና አንደኛ ሆነ። እንደገና ደርሶ መልስ። ከሰሜኑ ሻምፒዮን ከሃቬልሴ ጋር በሜዳው 1 ለ 1 ወጣ። የመልሱን ጨዋታ ውጤት በስልኬ እየተከታተልኩ ነበር። 90 ደቂቃ ሙሉ 0 ለ 0። ገጹን ባድስም ባድስም ያው ዜሮ። ከዚያ በጭማሪው ሰዓት ሃቬልሴ ሦስት ጎል አስቆጠረ፣ አለቀ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። የላይፕዚግ ደጋፊ አይደለሁም፣ ግን የ34 ጨዋታ ልፋት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲጠፋ ማየት ያማል። ሃቬልሴም እኮ ምንም አላጠፋም፣ እሱም ሻምፒዮን ነው፣ ቢሸነፍ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ስለ እሱ እጽፈው ነበር።

ቫልድሆፍ ማንሃይምም አለ። በ2016፣ በ2017 እና በ2018፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ በማደጊያው ጨዋታ ወደቀ። የ2017ቱ ሁለቱም ጨዋታ 0 ለ 0 አልቆ በመለያ ምት ነው። በ2018 ደግሞ የገዛ ደጋፊዎቹ ርችት ወደ ሜዳ ወርውረው ጨዋታው ተቋረጠ። እነሱን አልደግፍም፣ ጥፋት ነው። በ2019 ግን ሻምፒዮን ሆኖ በቀጥታ አደገ።

ፕሌይ ኦፍ፣ ማለትም የማደጊያ ጨዋታ፣ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ እወደዋለሁ፣ ልብ ይሰቅላል። እንግሊዞች ከ1987 ጀምሮ ሲጫወቱት ግን ከቀጥታ አዳጊዎቹ በታች የጨረሱት ናቸው በቀረችው ቦታ የሚፋለሙት። ሻምፒዮኑን ና እንደገና አሳየን የሚለው የለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ከባድ ሆኖ አይደለም። አምስቱን ክልል አራት ማድረግ፣ ወይም ከላይ አምስት ማውረድ። ችግሩ ማን ይነካ የሚለው ነው። የክልሎቹን ድንበር እንደገና ማስመር ማንም አይፈልግም፣ ሦስተኛው ሊግ ያሉት ክለቦች ደግሞ ተጨማሪ ወራጅ አይወዱም። በመሃል የሚጎዳው አንደኛ የወጣው ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ግንቦት ላይ የማደጊያው ጨዋታ ሲያልቅ ያደጉትን አራቱን ብቻ አትጻፉ። አምስተኛው ሻምፒዮን ማን እንደነበረና በስንት ነጥብ አንደኛ እንደወጣም ጻፉልን።

አንባቢያችሁ