ፖምፓው ከመነካቱ በፊት የናፍጣው መንገድ ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በሚመላለሱ ከባድ የጭነት መኪናዎች ሞተር ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁ መካኒክ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአካባቢያችን ጋራዦች እየተለመደ የመጣ፣ ባለንብረቱንም ሹፌሩንም ለከባድ ኪሳራ የሚዳርግ አሠራር ነው። መኪናው ጉልበት አነሰው ወይም ጭስ አበዛ በተባለ ቁጥር ሌላው ሁሉ ሳይመረመር የናፍጣ ፖምፓው ብሎን ይላላል፣ ታይሚንጉ (ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭበት ቅጽበት) ይገፋል፣ ፋብሪካው ያሸገው የናፍጣ መጠን መወሰኛም ማሸጊያው ተበጥሶ ይጠመዘዛል።

ባለፈው ኅዳር አንድ እህል የጫነ ሲኖትራክ ወደ እኔ መጣ። ከደብረ ሲና ተነሥቶ የጣርማ በርን ዳገት ሲጀምር በደኅና ይጎትታል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ግን ጉልበቱ እየከዳው ይጠፋል፣ ጥቂት ካረፈ በኋላም ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ሹፌሩ «ጋሼ፣ ፖምፓው ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ አሁን ደግሞ ማንኳኳት ጀመረ» አለኝ። ሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንከሩን) ስናይ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታልና በጎማ ቁራጭ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ናፍጣው እየተመጠጠ በወጣ ቁጥር በምትኩ መግባት የነበረበት አየር መግቢያ አጥቶ፣ ፖምፓው የሚስበው እስኪያጣ ድረስ ሰልባትዮው ውስጥ ግፊቱ ይወርዳል። ማሰሪያውን ስንፈታ አየሩ እየፉጨ ሲገባ ሁላችንም ሰማን። በዋጋ ከሁሉም በሚያንስ ክዳን ይፈታ የነበረ ችግር፣ ታይሚንጉ ያለ አግባብ ወደ ፊት በመገፋቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) አቃጥሎ ባለቤቱን ለብዙ ሺህ ብር ወጪ ዳርጎታል።

የእኛ አካባቢ አቀማመጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ይጋብዛል። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ቢደክምና ጥቁር ጭስ ቢያወጣ የጎደለው አየር ነው፤ ቱርቦ ያለውም ቢሆን ጉድለቱን የሚሞላው በከፊል ነው። አየር በጎደለበት ቦታ የናፍጣውን መጠን መጨመር ጭሱን ያጠቁረዋል፣ የጭስ ማውጫውን ሙቀት ከፍ አድርጎም ቱርቦውንና ፒስተኑን ይጎዳል። እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጧት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ነጭ ጭስ ቢያወጣ፣ ያ ጭስ በቅዝቃዜው ምክንያት ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። በዚያች ሰዓት ጭሱን አይቶ ታይሚንግ የሚያስቀድም መካኒክ፣ መኪናው ከሰዓታት በኋላ በቆላው ሙቀት ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ምን እንደሚደርስበት አያይም።

ታይሚንግ በእርግጥ የሚዛባበት ጊዜ አለ። ሲቀድም ሞተሩ በብረት የተመታ ያህል ያንኳኳል፤ ሲዘገይ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭሱ አይለቀውም። ትክክለኛው ዲግሪ እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ ከሞተሩ ማኑዋል እንጂ በጆሮ በማዳመጥ አይገኝም። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ የቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባዱ ጎማ መሰል ብረት) ምልክት ሲገጥም 1ኛውና 6ኛው ፒስተን እኩል ወደ ላይ ስለሚደርሱ፣ ምልክቱን ብቻ አይቶ ፖምፓ የሚገጥም ሰው አንድ ሙሉ ዙር ሊሳሳት ይችላል። የ6ኛው ሲሊንደር ቫልቮች ሁለቱም በትንሹ ተከፍተው፣ የ1ኛው ሁለቱም ተዘግተው ሲገኙ ነው 1ኛው በመጭመቅ ላይ መሆኑ የሚረጋገጠው። ከዚያ የ1ኛው የናፍጣ መስመር ከፖምፓው ላይ ተፈትቶ፣ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ ቀስ እየተባለ በእጅ ሲዞር፣ በአፉ ላይ ያለው ናፍጣ መነቃነቅ የጀመረበት ቅጽበት ከቮላኖው ዲግሪ ጋር ይነጻጸራል። ምልክቱ ካለፈ ጥቂት መልሶ ማቆም አይበቃም፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ንባቡን ስለሚያሳስት ርቆ ተመልሶ እንደገና መምጣት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ናፍጣው ከሰልባትዮ ጀምሮ ሊፈተሽ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚያታልለው ከሰልባትዮው እስከ መጋቢው ፖምፓ (ናፍጣ ስቦ ለዋናው ፖምፓ የሚያቀብለው) ያለው መስመር ነው፤ እዚያ ያለ ስንጥቅ አየር ወደ ውስጥ ስለሚስብ ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፣ ምልክቱም ማታ ደኅና ያደረ ሞተር ጧት ተነሥቶ ወዲያው መጥፋቱ ነው። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው በመሐል ቢገጠም የአየር አረፋው በዓይን ይታያል። ፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ተፈትቶ ውኃ ወይም ዝቃጭ መኖሩ ይታይ፤ በተለይ በጀሪካን ተገዝቶ የተሞላ ናፍጣ ከሆነ ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል፣ ላምባ ደግሞ የማለስለስ አቅሙ አነስተኛ በመሆኑ የፖምፓውን ውስጥ ይበላዋል። አንድ ሲሊንደር ብቻ የሚያመልጥ (ናፍጣውን በአግባቡ የማያቃጥል) ከሆነ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራው ሞተር በዝግታ እየሠራ የኢንጀክተሮቹ (የናፍጣ መርጫዎቹ) መስመር ተራ በተራ ይላላ፤ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ነው ችግር ያለበት።

ይህን ፈተና በአዳዲሶቹ የኮመን ሬል (ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ ለሁሉም ሲሊንደር የሚከፋፈልባቸው) መኪናዎች ላይ ማንም እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ። በእነርሱ መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል። ታይሚንጉንም የሚወስነው ኮምፒውተሩ ስለሆነ በእነርሱ ላይ በመፍቻ የሚስተካከል ነገር የለም።

የሥራ ባልደረቦቼ ፖምፓ ከማላላታቸው በፊት በፖምፓውና በተገጠመበት አካል መካከል በሹል ብረት መሥመር እንዲያሰምሩ፣ ባለንብረቶችም ሒሳብ ሲከፍሉ ታይሚንጉ ቀድሞ ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበረና አሁን ስንት ላይ እንደታሰረ በደረሰኙ ጀርባ እንዲጻፍላቸው እንዲጠይቁ እማጸናለሁ። ያ ሲኖትራክ ወደ እኔ ሲመጣ ከሁለቱ ጥገናዎች አንዱ እንኳ ያን ቁጥር ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ መነሻውን ለማግኘት ሁለት ቀን ባልፈጀብኝ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የናፍጣ ሞተር መካኒክ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ