ሞተሪኖ የሌላቸው መኪኖች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለወንድሜና ለጓደኛዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆችህስ? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። "ይሄ ሰውዬ ደግሞ የጥንት ደብዳቤ ጀመረ" ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ። በቴሌግራም "ሰላም ነው?" "አለን" ተባብለን እንደገና ከመጠፋፋት ይሻላል ብዬ ነው። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን እንለፈው። አንተም ኑሮ፣ እኔም ኑሮ።

ስለ ወረቀት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዶላር ምንዛሪ አልጽፍልህም። እሱን ከማንም ትሰማዋለህ። የምጽፍልህ ስለ መኪና ነው። ሶማሌ ተራ ቁጭ ብለን አሮጌ ሞተር ስንፈታ በነበረ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አለ ቢሉን አናምንም ነበር።

የምሠራበት ጋራዥ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አለ። የፔንስልቬንያ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቷል፤ ግን ቤት መቀመጥ ስለማይሆንለት አልፎ አልፎ እየመጣ ከእኛ ጋር ይሠራል። ወሬው ሁሉ ስለ ስፕሪንት ካር ነው፤ በአጭር የአፈር መም ላይ የሚሽቀዳደም ትንሽ መኪና ነው። እኔ መጀመሪያ ጆሮም አልሰጠሁት። በኋላ በበጋው ዮርክ ስፕሪንግስ ወደምትባል ገጠር ይዞኝ ሄደ፤ ከዚህ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ላቲሞር ቫሊ የሚሉት ቦታ ላይ የድሮ እሽቅድምድም ሙዚየም አለ። አጠገቡ ደግሞ ግማሽ ማይል የሆነ የአፈር መም። አሮጌዎቹን መኪኖች ከየጋራዡ አውጥተው እዚያ ያዞሯቸዋል። ውድድር አይደለም፤ ለእይታ ነው። ግን የሾፌሮቹ እግር ያንን የሚያውቅ አይመስልም።

አሁን መኪናውን ልንገርህ። ሞተሪኖ የለውም። ባትሪ የለውም። ፍሪሲዮን የለውም። ካምቢዮ የለውም። ማርሚታማ አይታሰብም። ዲፍረንሻሉም እኛ እንደምናውቀው አይደለም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ አክሰል ተቆልፈው እኩል ነው የሚዞሩት። "ታዲያ እንዴት ይታጠፋል?" ትለኛለህ። የቀኙን የኋላ ጎማ ከግራው ያተልቁታል። እንዲሁ ብትለቀው እንኳ ራሱ ወደ ግራ ይሄዳል። መሙም ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ጥምዝ ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ፣ የኋላው እየተንሸራተተ፣ የፊት ግራ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ያልፋል። እኔ መጀመሪያ ሳይ ሊገለበጥ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽማግሌው ሳቀብኝ።

እንዴት ይነሳል? ያችን የአጎትህን ላዳ በየጠዋቱ እንደምንገፋት፣ ተገፍቶ ነው! ፒካፕ ከኋላው መጥቶ ፓራውርቶውን ያስደግፍና ይገፋዋል። ሾፌሩ እግሩ ሥር አንዲት ዘንግ አለችው፤ ወይ ታገባለህ ወይ ታወጣለህ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ ማርሽ የሚባል ነገር የለም። ያገባል። መኪናው ሲንከባለል ሞተሩ አብሮ ይዞራል፤ ግን ገና እሳት የለውም። ሾፌሩ የዘይት ግፊት ጌጁን ያያል። መርፌው ከፍ ሲል የማግኔቶውን፣ ያለ ባትሪ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን፣ ስዊች ቀጭ ያደርጋል። በቃ። አጥሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ የአጥሩ ብረት በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ነዳጁ ሜታኖል ስለሆነ ዓይን ያቃጥላል። አንዳንዱ አሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ ዛሬም የጉሎ ዘይት ይጠቀማሉ። ሽታው ልብስህ ላይ ይቀራል።

ሞተሩን ብታየው አንተ ቱታህን ለብሰህ ሥሩ ትተኛ ነበር። በጥንቶቹ ላይ የምታገኘው ኦፈንሃውዘር ነው፤ እነሱ "ኦፊ" ይሉታል። አራት ሲሊንደር ብቻ። ሁለት ካምሻፍት ከላይ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ። ዘሩ ከሃሪ ሚለር ሞተር ነው የሚመዘዘው። ሚለር በ1933 ሲከስር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) ሠራተኛው የነበረው ፍሬድ ኦፈንሃውዘር ሥራውን ተረከበ፤ ንድፉን ይሠራ የነበረው ሊዮ ጉሰንም አብሮት ቀጠለ። አሁን የሚገርምህን ልንገርህ። ቴስታታው ከብሎኩ ጋር በአንድ ላይ የተቀለጠ ነው። ስለዚህ የሚቃጠል የቴስታታ ጋርኒሲዮን የለም! ስንቱን ቅዳሜያችንን የበላብንን ነገር ሰዎቹ ከመጀመሪያው ገላግለውታል። ቫልቭ ለመሥራት ግን ከሥር መግባት አለብህ። ነፃ ነገር የለም።

ከሁሉ በላይ አንተን ያስታወሰኝ አካሉ ነው። አሉሚኒየሙ በእጅ ነው የተቀጠቀጠው። ከሾፌሩ ኋላ ያለው ጭራ፣ ነዳጅ ታንኩን የሚሸፍነው፣ እንደ ዕንቁላል ክብ ሆኖ ይጠባል። ዳብሼዋለሁ። በመዳፍህ ስትሄድበት የመዶሻው ዱካ ይሰማሃል፤ ዓይን ግን አያየውም። ይሄን የሠራ ባትላሜራ ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። አለንታውን፣ ፔንስልቬንያ የሚኖር ሂራም ሂለጋስ የሚባል ሰው ነበር አሉኝ፣ በዚህ አካባቢ ብዙ መኪና ከእጁ የወጣ። በካሊፎርኒያ በኩል ደግሞ ፍራንክ ከርቲስ የታወቀ ነው፤ የክሮኤሺያ ስደተኛ አንጥረኛ ልጅ። ግን ከእነዚህ ሁለት ሦስት ስሞች ሌላ አብረዋቸው መዶሻ ይዘው የዋሉትን የሚጠራቸው የለም። የሾፌሩ ስም በኮፋኖው ጎን ላይ ተጽፏል። ኮፋኖውን ያበጀው ሰው ስም የለም። ይሄ ነገር እዚህም ያው ነው ለካ።

ሾፌሮቹን ግን እንዳልረሳቸው። ሽማግሌው ልጅ ሆኖ በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ቶሚ ሂነርሺትዝን አይቷል። ሰውዬው ኦሊ የምትባል የፔንስልቬንያ ገጠር ገበሬ ነበር። ሳምንቱን እርሻው ላይ ይውላል፤ እሁድ መኪና ውስጥ ይገባል። "የሚበረው ገበሬ" ይሉታል። ከ1949 እስከ 1959 ባለው ጊዜ ውስጥ የምሥራቁን የስፕሪንት ካር ሻምፒዮና 7 ጊዜ ወስዷል። ሌላው የተደላደለውን የውስጥ መስመር ሲይዝ እሱ ላይ፣ አጥሩ ጋ፣ ልል አፈር በተከመረበት ነው የሚነዳው። ተመልካቹ ጭቃ እየጠጣ ያጨበጭባል። ዊልያምስ ግሮቭ የሚባለው መም በ1939 ሲከፈት የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው እሱ ነው። በ1960 አቆመ። በ1999 በሰላም ሞተ። "በሰላም" የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም።

ምክንያቱም ብዙዎቹ እንደሱ አልሆነላቸውም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው "ያ ደጉ ዘመን" ሲሉ እኔ አንዳንዴ ደሜ ይፈላል። ደግ አልነበረም! መኪናው ከተገለበጠ ከሾፌሩ ራስ በላይ ምንም ብረት አልነበረም። የሚነዳበት የካርዳን ዘንግ በሁለት እግሩ መሃል ያልፋል። ነዳጁ ከጀርባው። ሜታኖል ደግሞ ሲነድ ነበልባሉ በቀን አይታይም፤ ሰውዬው እየተቃጠለ አጠገቡ ያለው ላያውቅ ይችላል። ላንግሆርን የሚባል መም ነበር፣ በ1926 የተከፈተ፣ አንድ ማይል ሙሉ ክብ፣ ቀጥ ያለ ቦታ የሌለው። ማረፊያ የለም ማለት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሪውን እየታገልክ ነው። በ1955 ማይክ ናዛሩክ እዚያ ሞተ። በ1960 ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የአሜሪካን ትልቁን ውድድር፣ ኢንዲያናፖሊስ 500ን፣ ያሸነፈው ጂሚ ብራያን። በዚያው ዓመት ጆኒ ቶምሰን አለንታውን ላይ። ከራስ በላይ የሚከልለው የብረት ኬጅ ሲመጣ እንኳ "ይሄማ የወንድ አይደለም" ያሉ ነበሩ። የሚያሳዝን ወንድነት። እኔ መኪኖቹን እወዳለሁ፤ ያንን ዘመን ግን አልናፍቅም። ለሽማግሌውም ነግሬዋለሁ። ተኮሳትሮ ዝም አለኝ፤ በኋላ ግን ከጎኑ ተቀምጦ የነበረ የክፍል ጓደኛው አባት በእንደዚህ ዓይነት ቀን ወጥቶ እንዳልተመለሰ ራሱ ነገረኝ።

ላንግሆርን ዛሬ የለም። በ1971 ተዘግቶ የገበያ ቦታ ሆነ። ሂነርሺትዝ የነገሠበት የሬዲንግ መምም በ1979 ተዘግቶ የገበያ አዳራሽ ተሠራበት። የእኛ አገር መፍረስ ብቻ እንዳይመስልህ።

አንዱን ግን በደንብ ላውራልህ፤ ጃን ኦፐርማንን። ሽማግሌው ስሙን ሲጠራ ድምፁ ይለወጣል። ጃን ፀጉሩን ያሳደገ ሂፒ ነበር። የገበሬ አገር ነው እኮ፣ ሁሉም ፀጉሩን የተላጨበት! መጀመሪያ ሲመጣ አፋቸውን አሽሟጠው ነው ያዩት። ከዚያ መኪና ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ስለ ፀጉሩ የሚያወራ ጠፋ። በ1971 ኖክስቪል፣ አይዋ ላይ የሚደረገውን ትልቁን ውድድር አሸነፈ። በኋላ ክርስቲያን ሆኖ በየመሙ ይሰብክ ነበር አሉ። በግንቦት 1976 ኢንዲያና ውስጥ ቴሬ ሆት ላይ የተደረገውን ውድድር በቴሌቪዥን አገር እያየው ወሰደ። ሰው ሁሉ አወቀው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ኢንዲያናፖሊስ ላይ በደረሰበት አደጋ ጭንቅላቱን ተመታ። ተመልሶ ነድቷል፤ ግን ያው ሰው አልነበረም። በ1981 ደግሞ ሁለተኛ አደጋ መጣ። በ1997 አረፈ። ሽማግሌው ከ1976 በኋላ ሲነዳ ማየት አልፈለግኩም ብሎኛል። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

እንደኛ ስደተኛም አለ። ማሪዮ አንድሬቲን ታውቀዋለህ፣ በ1978 የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነውን። ቤተሰቡ ከጣሊያን፣ ከስደተኞች መጠለያ ወጥቶ በ1955 ናዝሬት ገባ። የእኛ ናዝሬት እንዳይመስልህ፤ የፔንስልቬንያዋ ናት። እሱና መንታ ወንድሙ አልዶ ከሰፈሩ አፈር መም ላይ በአንዲት የ1948 ሃድሰን መኪና ጀመሩ፤ በ1959። ለአባታቸው አልነገሩትም። አልዶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተገልብጦ ራሱን ሳተ፤ አባትየው ያኔ ነው የሰማው። አስበው እስቲ ያንን ቤት ማታ። ማሪዮ ግን ቀጠለ፤ ስፕሪንት ካርም ነዳ።

የዛሬዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኦፊ ውድ ነበር። ሼቭሮሌ በ1955 ያወጣው ርካሽ ቪ8 ሞተር ከአደጋ መኪና እየተፈታ ሳይቀር ገባና ቀስ በቀስ አባረረው። ቀጥሎ ከላይ ሰፊ ክንፍ ተጨመረ፤ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል፣ ሲገለበጥም ምቱን ይቀበላል። በ1978 ቴድ ጆንሰን የሚባል ሰው "ወርልድ ኦፍ አውትሎውስ" የተባለውን፣ ከመም መም እየተዘዋወረ የሚካሄደውን የስፕሪንት ካር ውድድር አቋቋመ፤ ስቲቭ ኪንሰር 20 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነበት። ዊልያምስ ግሮቭ አሁንም አርብ ማታ ይሮጣል። ሄጃለሁ። ወደ 900 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ ሾፌሩን ጨምሮ 640 ኪሎ ገደማ። ያንተ ቪትዝ እንኳ ከዚያ ትከብዳለች! ሽማግሌው ክንፉን አይወድም። የሾፌሩን ፊት ይሸፍናል ይላል። እኔ ደግሞ ፊቱ ተርፎ ቤቱ ይግባ እላለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሽማግሌው ጓሮው ውስጥ አንድ የድሮ ሻንሲ አለው። ሞተሩን እየገጣጠምን ነው፤ ካንዴላውን ሳይቀር ፈልገን አግኝተናል። የቸገረን ጭራው ነው። አሉሚኒየሙ ግራ ጎኑ ላይ ተጨማዷል፣ አንድ ቦታም ተሰንጥቋል። እዚህ አዲስ እናሠራልሃለን ያሉት ሰዎች የጠየቁት ገንዘብ የሚነገር አይደለም። ሽማግሌው ደግሞ የድሮው ካልሆነ አልፈልግም ብሏል።

አንተ አሉሚኒየም ከመቀጥቀጥህ በፊት ሳሙና ትቀባውና ታሞቀው ነበር። ሳሙናው እስኪጠቁር ነው ወይስ ቡናማ ሲሆን ነው የምታቆመው? ውሃ ታስነካዋለህ ወይስ እንዲሁ ይቀዘቅዛል? ከሥሩ የምታደርገው የአሸዋ ከረጢት ምን ያህል ይሞላል? በጽሑፍ ካሰለቸህ ድምፅ ላክልኝ። ቪዲዮ ብትልክማ ሽማግሌውን ጠርቼ አብረን እናያለን፤ የተጨማደደውን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ስንጥቁን ከመቀጥቀጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምንበይደው? እሱንም እንዳትረሳ።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለልጆቹ ጫማ ልልክ ነው፤ ቁጥራቸውን ጻፍልኝ።

ወንድምህ