መሪ መምህር ማንን ይመራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከሞረትና ጅሩ ወረዳ ነው። ከእነዋሪ ወጣ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ። ጠመኔ ከያዝኩ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ፣ ስለ ትምህርት በተነሳ ቁጥር «መምህሩ ይሠልጥን» ይባላል። እኔም ይሠልጥን ባይ ነኝ። ግን ሥልጠናው የሚሰጠው የት ነው? ማንስ ነው የሚሰጠው? የምጽፈው ይህን ለመናገር ነው።

ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ማንኛውም መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማድረግ ይጠበቅበታል፤ እኛ «ተሙማ» እንለዋለን። አዲስ የተቀጠረ ደግሞ ለሁለት ዓመት አማካሪ መምህር ተመድቦለት የሙያ ትውውቅ ያደርጋል። ችግርህን ትለያለህ፣ ታቅዳለህ፣ ትተገብራለህ፣ ትገመግማለህ። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ያወጡት ሰዎች ክፍል የሚያውቁ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ግን ተሙማ ማለት ማህደር፣ ማለትም ዕቅዱና ሪፖርቱ የሚታሰርበት ፋይል ነው። አምና አንድ አዲስ መምህር ከቢሮ በር ላይ ጠብቆ «እትዬ፣ የአምናውን ማህደርሽን አውሺኝ፣ አርብ ይታያል ተብሏል» አለኝ። ሰጠሁት። ሲመልስልኝ የእሱንም አየሁት። ቀኑን ቀይሯል፣ ስሙን ቀይሯል፤ የእኔን ክፍል የተማሪ ቁጥር ግን እንዳለ ትቶታል። እሱ የሚያስተምረው ስፖርት ነው፤ ዕቅዱ የሚለው ስለ ክፍልፋይ ነው። አርብ ማህደሩ ታየ፣ ተፈረመበት፣ 60 ሰዓቱ ተሞላለት። በልጁ አልፈርድም። እኔም ስጀምር ከሌላ ሰው ማህደር ገልብጫለሁ።

እኔን መምህር ያደረገኝ ማህደሩ አይደለም። በሁለተኛው ዓመቴ ነበር። አብረውን የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «ነገ ክፍልሽ ገብቼ ልቀመጥ?» አሉኝ። የያኔው ትምህርት ለ5ኛ ክፍል ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማካፈል ነበር። ጋቢያቸውን ደርበው መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ጉልበታቸው አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞረው ተቀመጡ። 40 ደቂቃውን ሙሉ ቀና አላሉም፤ የሆነ ነገር ይጽፋሉ። እጄ ላይ ያለው ጠመኔ በላብ ረጠበ።

ደወል ሲደወል አጥሩ ሥር ያለው ባሕር ዛፍ ጋ ተቀመጥንና ወረቀቱን ሰጡኝ። ዴስኮቹን በየረድፉ እንደ ሣጥን ስለዋቸዋል። አንድ ልጅ በጠየቅሁ ቁጥር በተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ ጭረት አድርገዋል። 14 ጭረት ነበር። 11ዱ ከፊት ያሉት ሦስት ዴስኮች ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል፣ ሴቶቹ የሚቀመጡበት ረድፍ ባዶ ነው፤ አንድም ጭረት የለበትም። ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉና «የኔ ልጅ፣ እነዚህ ዛሬ መጥተዋል?» አሉኝ። መጥተዋል። እኔ ነኝ ያላየኋቸው።

ቀጥለው «ሁለተኛውን ገልብጠሽ አባዢ ብለሽ አስተማርሽ፤ ለምን እንደሚገለበጥ ግን ነገርሻቸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እኔም ሲነገረኝ ተቀብዬው ነው። «መጀመሪያ በግማሽ እንጀራ ውስጥ ስንት ሩብ አለ ብለሽ ጠይቂ፤ ሕጉን ከዚያ በኋላ ጻፊ» አሉኝ። በማግስቱ ከመስኮቱ ረድፍ አንዷን አስነስቼ ጠየቅኋት። ገና ሰሌዳው ላይ ምንም ሳልጽፍ «ሁለት» አለች። ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጋሼ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ሰንጋ ያደልባሉ። እሳቸው ያደረጉልኝ ነገር አበልም አዳራሽም አልጠየቀም። አሁን ለምን አይደረግም ብትሉኝ፣ አንደኛው ምክንያት የክፍል ምልከታው ከውጤት ተኮር ምዘና ጋር መያያዙ ነው። ቅጽ ይዞ የሚገባ ሰው ነጥብ ሊሰጥ እንጂ ሊረዳ የመጣ አይመስልም። መምህሩም የተለማመደውን ትምህርት ያሳያል፣ ልጆቹም ቀድመው ተነግሯቸዋል። ድካሙን ለሚመዝነው ሰው የሚያሳይ ማን ነው? የሚረዳና የሚመዝን ሰው መለየት አለባቸው።

ሁለተኛው የደረጃ እድገታችን ነው። ከጀማሪ መምህር ተነስቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እያለ ይወጣል። እኔም መሪ መምህር ተብያለሁ፤ ደመወዜ ላይም ታይቷል። የክፍለ ጊዜ ድልድሌ ግን ከጀማሪው መምህር ጋር አንድ ነው። ማንን ነው የምመራው? መቼስ ነው የምመራው? ስሙ ተሰጥቶኝ ሥራው አልተሰጠኝም። እንዲህ ሆነን ነው ጎበዝ ርዕሰ መምህር ጠፋ የሚባለው። ርዕሰ መምህርነት ስብሰባና ሪፖርት ብቻ ሲሆን ማስተማር የሚወድ ሰው ይሸሸዋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ባልደረባውን እየረዳ አመራርን የሚለማመድበት ቦታ የለውም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። 60 ሰዓት በ40 የትምህርት ሳምንት ቢካፈል 1 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ ሁለት ክፍለ ጊዜና 10 ደቂቃ ማለት ነው። ለመሪ መምህራን በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከድልድላቸው ይቀነስላቸውና የባልደረባቸው ክፍል ገብተው ይቀመጡ፤ ሰዓቱም ተሙማ ሆኖ ይያዝላቸው። በተለይ በእኛ አካባቢ ይህ ያስፈልጋል። በጸጥታው ችግር መንገድ በተዘጋ ቁጥር የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ፣ ማለትም የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች እየዞረ የሚደግፈው ባለሙያ፣ መምጣት አይችልም፤ ወደ ጀማ ወንዝ በረሃ ወረድ ያሉት ትምህርት ቤቶች ጋ ደግሞ ደህናም ጊዜ ቢሆን በእግር ነው የሚደርሰው። አጠገባችን ያለው አዋቂ የራሳችን ባልደረባ ነው።

ማህደሬን የተዋሰው መምህር ዘንድሮም ከእኛው ጋር ነው። በቀደም «እትዬ፣ ሜዳ ላይ ልጆቹ አንድ ላይ አይታዘዙልኝም፣ መጥተሽ እይልኝ» ብሎኛል። ስፖርት ያለው ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ የእኔ 5ኛ «ለ»ም በዚያው ሰዓት ሂሳብ አላት። ወረቀቱን አስምሬ አዘጋጅቻለሁ። የሚመለከታችሁ የትምህርት ኃላፊዎች፣ ለዚያች 40 ደቂቃ ክፍሌን የሚይዝልኝ ሰው እንድትመድቡልኝ እጠይቃለሁ።

አንዲት የሂሳብ መምህርት
ከሞረትና ጅሩ፣ ሰሜን ሸዋ