ለጤና ሚኒስቴር፦ በአዳዲስ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች የናይትረስ ኦክሳይድ ቧንቧ መዘርጋት ይቅር

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የናይትረስ ኦክሳይድ ማዕከላዊ መስመር ከሆስፒታል ዲዛይን እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የቀዶ ሕክምና ክፍል ሲነደፍ ኦክስጅን፣ የሕክምና አየር፣ ቫኪዩም (መምጠጫ) እና ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው የማደንዘዣ ጋዝ በአንድነት ግድግዳ ውስጥ እንዲዘረጉ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። እኛ የሰመመን ባለሙያዎች ሚኒስቴሩ ለአዳዲስና ለሚስፋፉ ሆስፒታሎች በሚያጸድቀው ዲዛይን ውስጥ አራተኛው መስመር እንዲቀር እንጠይቃለን። ጋዙ ከአገልግሎት ይውጣ አላልንም። የሚያስፈልገው ባለሙያ ከማደንዘዣ ማሽኑ ጀርባ ከሚታሰር ትንሽ ሲሊንደር ሊያገኘው ይችላል።

ናይትረስ ኦክሳይድ ደካማ ማደንዘዣ ነው። ብቻውን ሰውን ለቀዶ ሕክምና ለማደንዘዝ በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ከ100 በመቶ በላይ ክምችት ይጠይቃል፤ ይህ ሊሆን ስለማይችል ሃሎቴን ወይም አይሶፍሉሬን ከተባሉ ጠንካራ ማደንዘዣዎች ጋር በረዳትነት ይሰጣል። በደጋው የአገራችን ክፍል ረዳትነቱም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በባሕር ጠለል 760 ነው። ሕመምተኛውን የሚያደነዝዘው በመቶኛ የሚነበበው ቁጥር ሳይሆን የጋዙ የራሱ ግፊት ነው። 50 በመቶ ናይትረስ ጅቡቲ ወደብ ላይ 380 ሚሊ ሜትር ግፊት ሲኖረው አዲስ አበባ ላይ ያለው 288 ያህል ብቻ ነው። ባለሙያው ይህን ለማካካስ ናይትረሱን ወደ 70 በመቶ ቢያሳድግ ለኦክስጅን የሚተርፈው 30 በመቶ በባሕር ጠለል መጠን ሲሰላ 23 በመቶ አይሞላም። ሳንባው በሰመመን ለተዳከመ ሰው ይህ በጣም ጥቂት ነው። የአይሶፍሉሬን ቬፖራይዘር (ፈሳሹን ማደንዘዣ ወደ ጋዝ የሚለውጠው ዕቃ) ግን የከፍታውን ልዩነት በአብዛኛው ራሱ ያካክሳል። ከዚህም ከፍ ባለችው ደብረ ብርሃን ላይ የናይትረሱ ነገር ይብሳል።

ማዕከላዊው መስመር የሚያባክነው ጋዝ ሌላው ምክንያታችን ነው። በስኮትላንድ ኤድንብራ ሆስፒታሎች ለመስመሩ የተገዛው ጋዝ ሕመምተኞች ከተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸር አብዛኛው ማንም ሳይጠቀምበት መጥፋቱ ታውቋል። በዚህም የተነሳ በብሪታንያ በርካታ ሆስፒታሎች መስመሩን ዘግተዋል፤ የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበርም እንዲዘጋ መክሯል። የሚያፈሱት የግድግዳ መውጫ ጎሚኖች፣ የማኒፎልዱ (ሲሊንደሮቹ ተያይዘው መስመሩን የሚመግቡበት ክፍል) መጋጠሚያዎችና ያረጁ ቫልቮች ናቸው። በደቂቃ ግማሽ ሊትር የሚያፈስ አንድ መስመር በ30 ቀን 21,600 ሊትር፣ በክብደት ወደ 40 ኪሎ ግራም ይጨርሳል። በዝቅተኛ መጠን ሽታው ስለማይታወቅ ማንም አያስተውለውም። አንድ ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ ከባቢ አየርን በማሞቅ 273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያህል ሲሆን ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የመስመሮች መቀያየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ በባንክስታውን ሊድኮም ሆስፒታል ሁለት ጨቅላ ሕፃናት ኦክስጅን ተብሎ ናይትረስ ኦክሳይድ ተሰጣቸው። አንዱ ሞተ፤ ሌላዋ ከባድ የአንጎል ጉዳት ደረሰባት። ቧንቧው ሲገጠም ተቀያይሮ ነበር፤ ከተገጠመም በኋላ በአግባቡ አልተፈተሸም። የማደንዘዣ ማሽን ይህን ስህተት አያስቆመውም። የኦክስጅን ግፊት ሲወድቅ ናይትረሱን የሚዘጋው መከላከያ የሚለካው ግፊትን ብቻ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ የሚሄደው ምን እንደሆነ አያውቅም። የናይትረስንና የኦክስጅንን ፍሰት የሚለኩትን ፍሎሜትሮች በ3 ለ1 የሚያስተሳስረው መቆጣጠሪያም እንዲሁ ነው። ልዩነቱን የሚናገረው በመተንፈሻ ዑደቱ ላይ የሚሠራ የኦክስጅን መለኪያ ብቻ ነው። የሴንሰሩ ዕድሜ አልቆ ያልተተካበት ማሽን ከናይትረስ ቧንቧ ጋር መገናኘት የለበትም።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲመጣ የመጠባበቂያ ኦክስጅን ሲሊንደር መክፈት ብቻውን አይበቃም። የቧንቧው ግፊት ወደ 4 ባር፣ ከሲሊንደሩ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ማሽኑ ከቧንቧው መሳቡን ይቀጥላል። ሆዙ ከግድግዳው መነቀል አለበት። ሲሊንደር ከሌለ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ተራ አየር መስጠት ከዚያ ቧንቧ ይሻላል።

በጋዙ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውና ከ7,000 በላይ ሕመምተኞችን ያካተተው ኢኒግማ 2 ጥናት የልብ አደጋንም ሆነ ሞትን እንደማይጨምር አሳይቷል። ለምጥ ሕመምና ለሕፃናት ጥርስ ሕክምና ዛሬም ጠቃሚ ነው። ሆኖም ሳንባው ዙሪያ አየር ለተጠራቀመበት፣ አንጀቱ ለተዘጋበት፣ ዓይኑ ውስጥ የሕክምና ጋዝ ለተሞላለት ሰው አይሰጥም፤ ከናይትሮጅን 34 እጥፍ ያህል በደም ስለሚሟሟ ወደ ተዘጋው ክፍተት ገብቶ ያሳብጠዋል። ቫይታሚን ቢ12ን ከጥቅም ውጭ ስለሚያደርግ ሥጋና ወተት እምብዛም ለማይቀምስና ለተጎሳቆለ ሕመምተኛም ጥንቃቄ ይሻል።

ለአራተኛው መስመር የታሰበው ገንዘብ ለሕክምና አየር ኮምፕሬሰር፣ ለኦክስጅን ሴንሰሮችና ለመጠባበቂያ ኦክስጅን ይዋል። ኦክስጅንን የሚያቀጥን አየር የሌለው ክፍል ነው ናይትረስን እንደ ማሟያ የሚጠቀመው። ጋዙን ማስቀረት የማይፈልግ ሆስፒታል ትንሹን ሲሊንደር ይያዝ፤ ሥራ ሲያልቅ ቫልቩን ይዝጋ፤ የቀረውንም በሚዛን ይለካ። ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ጌጁ ወደ 50 ባር እያሳየ ይቆያል፤ መውረድ ሲጀምር የቀረው ሩብ ያህል ብቻ ነው።

መስመሩ ላላቸው ሆስፒታሎች አንድ ወጥ መመሪያ እንዲወጣ እንጠይቃለን። ቀዶ ሕክምና በማይሠራበት ቀን ማኒፎልዱ ይዘጋ፣ የመስመሩ ግፊት ይመዝገብ፣ ከ24 ሰዓት በኋላም እንደገና ይነበብ። የወደቀ ግፊት ካለ መስመሩ ያፈስሳል፤ ጥገናው አዋጪ ካልሆነ በቋሚነት ይዘጋ። አዲስ የጋዝ መስመር ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኦክስጅኑ ብቻውን ግፊት ተሰጥቶት ሌሎቹ ባዶ ሆነው እያንዳንዱ መውጫ በኦክስጅን መለኪያ ይፈተሽ። የርክክብ ሰነዱን ከተቋራጩ ሌላ የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል ባለሙያና የሰመመን ባለሙያ አብረው ይፈርሙበት፤ ሁለቱ ሳይፈርሙ ክፍሉ አይከፈት።

ከሰላምታ ጋር
የሰመመን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት